ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ፤ እንግዳን በደን በር መቀበል

ስድስት ኪሎ ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚታወሰን ዩኒቨርሲቲው፣ አንበሳ ግቢና የሰማዕታቱ ሐውልት ነው። ይሁን እንጂ ይህ አደባባይ የደን በርም ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሽቅብ የያዘ ሰው፣ የሽሮ ሜዳን የሐበሻ ልብስ ሱቆች አልፎ ጥቂት እንደ ወጣ የባሕር ዛፍ ሽታ ይቀበለዋል።

ከሽታው በፊት ግን ማን ይቀበለዋል? የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ተራራው ላይ በርም ሠራተኛም አለ። ከታች በእግሩ የሚነሣው እንግዳ ግን የሚጠይቀው ባለሱቋን፣ የታክሲ ረዳቱን ወይም ልጇን ይዛ የምታልፍ እናትን ነው። በአሜሪካ የደን መሥሪያ ቤቱ በጎ ፈቃደኞችን እንዲያሠራ በ1972 እ.ኤ.አ. ሕግ ወጥቶለታል፤ በጎ ፈቃደኞቹ በመንገዱ መነሻ ቆመው አቅጣጫ ያሳያሉ፣ ስለ አየሩም ይናገራሉ። በእኛ ዘንድ የክረምት በጎ ፈቃድ ሲባል ችግኝ መትከልና የአረጋውያንን ቤት ማደስ ይታሰበናል፤ እንግዳ መቀበል ግን ባህላችን ሆኖ ሳለ እንደ አገልግሎት ሲቆጠር እምብዛም አይሰማም።

እርስዎ በወር አንድ እሑድ ግማሽ ቀን ቢሰጡ ለዚህ ሥራ የሚሆን ዕውቀት አያጡም። ሐውልቱ ሥር ቆመው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች እጅ ስላለቁት ወገኖቻችን ይነግሩታል። ያ ጭፍጨፋ የተጀመረበት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው መሰጠቱን ይጨምሩለታል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት እንጦጦ ማርያም ላይ እንደምትገኝ፣ ከተማዋም በማገዶ እጦት ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር ታስቦ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ እንዳስቀራት ቢያጫውቱት ደኑን በሌላ ዓይን ያየዋል።

ለእናቶች በተለይ ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እንግዳው ሽቅብ ሲወጣ፣ ቁልቁል የሚመጡት እንጨትና ቅጠል የተሸከሙ እህቶቻችን ናቸው። ሸክማቸው ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል። በቁልቁለት ላይ ሸክም ያለባት ሴት እንደልቧ መቆም አትችልም፤ ከቆመችም ጀርባዋን የምታስጠጋበት ከፍ ያለ ቦታ ያስፈልጋታል። ስለሆነም መንገዱን የሚለቀው እንግዳው እንጂ እሷ አይደለችም። ፎቶግራፍ አንሺው ካሜራውን ከማውጣቱ በፊት ሊያስፈቅዳት እንደሚገባ የሚነግረው ሰው ካላገኘ፣ የሚያነሣው እንደ ተራራው ገጽታ አድርጎ ነው። እርስዎ «አይዞሽ እህቴ» ብለው ሲያሳልፏት ቢያይ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

ደን መጠበቅ ማለት እነዚህን ሴቶች ማባረር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እርጥብ ዛፍ መቁረጥ ደኑን እንደሚጎዳ አይካድም። ነገር ግን ተሸካሚዎቹ ለብዙ ዓመታት ከጥበቃ ሲሸሹ የኖሩት ልጅ ለማብላት ሲሆን፣ የእኛን ምጣድ ሲያሰማ የኖረውም ያ ቅጠል ነው። ዛሬ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለን ይህን ለመርሳት አንቸኩል። በጎ ፈቃደኛ እንግዳ ተቀባይ እንጂ ዘበኛ አይደለም። ይልቁንስ ቀድሞ እንጨት ይሸከሙ የነበሩ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው በሽመና እንደሚተዳደሩ ለእንግዳው ይንገሩት፤ ነጠላ ወይም ሻሽ መግዛት ካሰበ ከእነሱ ይግዛ።

የቀረው የጥንቃቄ ጉዳይ ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው ከቆላ የመጣ ሰው ቶሎ ይደክመዋል፤ ቀስ ብሎ እንዲወጣ፣ ውኃም እንዲይዝ ይምከሩት። በክረምት ጭቃው፣ በበጋ የረገፈው የባሕር ዛፍ ቅጠል ያንሸራትታል፤ ቅጠሉ ዘይት ስላለው በአንዲት የሲጋራ ቁራጭ ይቀጣጠላል። ብቻውን ወደ ጫካው ውስጥ የሚገባውን፣ በተለይም ሴት ከሆነች፣ ጓደኛ እስክታገኝ ያቆዩአት። ጅብ ስላለም ከመምሸቱ በፊት መመለስ ያስፈልጋል። ልጆችዎን ይዘው ከወጡ ጽድን፣ ወይራንና ኮሶን ከባሕር ዛፍ እንዲለዩ ያስተምሯቸው፤ አንድ ሁለቴ ካዩ በኋላ ለእንግዳው የሚያሳዩት እነሱ ይሆናሉ።

ለመጀመር የወረዳዎን የበጎ ፈቃድ አስተባባሪዎች ያነጋግሩ፤ ከጎረቤት ጋር ሁለት ሆኖ መውጣትም ይመረጣል። ገንዘብ የሚሰጥ እንግዳ አይጠፋምና አመስግነው ይመልሱለት። ረጅም መንገድ መሄድ የሚፈልግ ከሆነ ግን ከሰፈሩ አስጎብኚ ወጣቶች ጋር ያገናኙት፤ ለእነሱ እንጀራቸው ስለሆነ ዋጋውን ፊት ለፊትዎ ተነጋግረው ይሂዱ።