ክራሬን የሰቀልኩበት ሚስማር

ባሕር ዳር ላይ ሁዳዴ መግባቱን ለማወቅ ቀን መቁጠሪያ አያስፈልግም፤ ባጃጅ መሳፈር ይበቃል። በቅበላው እሑድ ማታ ከፋሲሎ ወደ ዓባይ ማዶ ያሻገረኝ ባጃጅ በእስክስታ ዘፈን ጣሪያው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰኞ ጠዋት እንደ አጋጣሚ ያንኑ ሰውዬ አገኘሁትና ስንመለስ በገና ይደረደራል። ፍላሹ ተቀይሯል። አነጋገሩ ሳይቀር ተቀይሯል፤ ትናንት «ግባ ባክህ!» ያለኝ ሰው ዛሬ «እንደምን አደርክ ወንድሜ» አለኝ። አዲሱን የዓባይ ድልድይ፣ 380 ሜትሩን ሙሉ፣ ማንም ሳይናገር በበገና ተሻገርን። መስታወቱ ላይ የእመቤታችን ሥዕል አለ። ከሥዕሉ ሥር የቅዳሜው የቤቲንግ ትኬት ተሰክቷል። ትኬቱ አልተቀየረም።

በሆዴ ሳቅኩ። ጮክ ብዬ ያልሳቅኩት የእኔም ጾም ከእሱ ብዙ ስለማይርቅ ነው።

ክራር መምታት ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። እንጀራዬ አይደለም። ሠርግ ላይ አልጠራም፣ ዩቲዩብ ላይም የለሁም። ከሥራ ስገባ ጫማዬን አውልቄ ግማሽ ሰዓት ያህል ትዝታ ወይም ባቲ እመታለሁ፤ ከዚያ እራት ይቀርባል፤ ይኸው ነው። አንዱ ካርታ ይጫወታል፣ ሌላው ጣና ዳር መንጠቆ ጥሎ ይውላል፣ እኔ ክራሬን እነካካለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ግን ሚስማር ላይ ሰቅዬ በአሮጌ ነጠላ እሸፍነዋለሁ። 55 ቀን አይወርድም። ማንም አላዘዘኝም። ለምን እንደማደርገውም በደንብ አስቤበት አላውቅም ነበር።

ዘንድሮ ስሰቅለው አክስቴ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ታጥባለች። የቅበላ ማታ ዕቃ አጠባን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ቅቤ የነካው ሁሉ፣ ጭልፋው ሳይቀር፣ በፈላ ውኃ ይፈተጋል። የቅቤው ዕቃ አፉ ታስሮ ከመደርደሪያው ጥግ ይገባል። አንገቷን ብቅ አድርጋ አየችኝና «ተመስገን! ይኼ የሰይጣን ዕቃ ዝም ሊል ነው» አለች።

«እትዬ፣ በገና እኮ ወንድሙ ነው።»

«አፍህን ያዝ! በገና የዳዊት ነው።»

ይህን የምትለው እሷ ብቻ አይደለችም፤ በገና ለምስጋና፣ ክራር ለዳንኪራ ተሰጠ የሚለው ወግ ከእሷም ከእኔም በፊት የነበረ ነው። ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩዋቸው። ያም ሁለት ምሰሶ፣ ይኼም ሁለት ምሰሶ። ያም ቀንበር አለው፣ ይኼም። ብርኩማቸው አንድ፣ መቃኛቸው አንድ፣ ቆዳቸው አንድ። በገናው ረዥምና ባለ 10 አውታር ነው፤ ክራሩ አጭር ሆኖ በአምስት ወይም በስድስት ይበቃዋል። አንዱ አባት ሌላው ልጅ ቢባሉ የሚያምን አለ። (እኔ ራሴ ሰንበት ትምህርት ቤት ሦስት ወር በገና ተምሬ ነበር። መምህሬ ጣቶቼን አይቶ «አንተ በገናውን እያስጨፈርከው ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር።)

ቋንቋውም ቢሆን ከአክስቴ ጋር አይስማማም። «ዘመረ» ከሚለው ከአንዱ የግእዝ ግሥ ሁለት ሰዎች ወጡ፦ ዘማሪና አዝማሪ። አንዱ ነጠላ አጣፍቶ ቅኔ ማሕሌት ይቆማል፤ ሌላው ማሲንቆውን ይዞ ጠጅ ቤት ይገባል። በመካከላቸው ያለችው «አ» ብቻ ናት። ሰምና ወርቁም የጋራቸው ነው። በጎጃም ቅኔ ቤት ተማሪው ሌሊት ሲያወጣና ሲያወርድ የሚያድረው ጥበብና አዝማሪው ለአንድ ብርሌ የሚያፈልቀው ጥበብ ጎረቤት ናቸው፤ ጎረቤት ስለሆኑም ይመስለኛል እንዲህ የሚተማሙት።

ታዲያ ዘፈን በአማርኛ እንዲህ ከባድ ስም የወጣለት ከየት ነው? አንዱ መልስ መጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ ያለች አንዲት ቃል ናት። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ ትርጉም፣ ገላትያ ምዕራፍ 5 ላይ ከሥጋ ሥራዎች ዝርዝር መጨረሻ፣ ከስካር ቀጥሎ «ዘፋኝነት» የሚል ቃል አለ። የግሪኩ ቃል «ኮሞስ» ነው። ኮሞስ ማለት ጠጥተው የሰከሩ ሰዎች በሌሊት ተሰብስበው በየመንገዱ የሚያደርጉት ጭፈራና ፈንጠዝያ ነው፤ ከስካር ጎን የተጻፈውም በዚህ ምክንያት ነው። ተርጓሚዎቹን አልወቅስም፤ በዘመናቸው «ዘፋኝነት» ሲባል ጆሮ የሚሰማው ያንኑ የሌሊት ፈንጠዝያ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ግን ቃሉን የሚያነብ ሰው ጥላሁን ገሠሠን ያስባል። እናቱ ቡና ስትወቅጥ የምታንጎራጉረውንም ያስባል። በዚች ቃል የተነሳ ስንት ቤት ሬዲዮ እንደተዘጋ እንጃ።

የምር የወሰዷት ሰዎች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። ጎጃም ተወልዶ በልጅነቱ አዲስ አበባ የገባው ሙሉቀን መለሰ በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ ዘፈን ተወ፤ ጴንጤቆስጤ ሆኖ መዝሙር ዘመረ፤ በ2016 ዓ.ም. በአሜሪካ እስኪያርፍ ድረስም ወደ ዘፈኑ አልተመለሰም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ እሱም ጴንጤ ነው፣ የሙሉቀንን የድሮ ዘፈኖች ቤቱ ማስገባት ትቷል፤ «ባለቤቱ የጣለውን እኔ ለምን አነሳለሁ?» ይላል። መልስ አላገኘሁለትም። እኔ ግን እስከ ዛሬ አነሳለሁ።

በሌላ በኩል ደግሞ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አሉ። በ1916 ዓ.ም. ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው፣ ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ፤ በባዶ እግር ኖሩ። ግን ፒያኖውን ለዘለቄታው አልተዉትም። ጎንደር ሳሉ የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚማሩ ልጆች በረንዳ ላይ ሲያድሩ አዩና የሚሰጡት ገንዘብ ቢያጡ ሙዚቃቸውን መርጃ ሊያደርጉት ወሰኑ። በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ሲያርፉ ዓለም የሚያውቃቸው በፒያኖአቸው ነበር። አንዱ ስለ እምነቱ ተወ፤ አንዷ ከእምነቷ ጎን ያዘች። እኔ እንደሁ የሁለቱም ወኔ የለኝም፤ በዓመት 55 ቀን የምሰቅል ሰው ነኝ።

እሱንም በቅጡ አልሰቀልኩም። ልናዘዝ፦ በመጀመሪያው ሳምንት ያን የክራር ግማሽ ሰዓት ለጸሎት ሳይሆን ለቲክቶክ ነው የሰጠሁት። ግማሽ ሰዓቱም አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። ክራር ቢያንስ ጣት ያደክማል። በሁለተኛው ሳምንት አፍሬ ስልኬን ቤት እየተውኩ ወደ ሐይቁ መውጣት ጀመርኩ። ማታ ጣና ዳር የደንገል ታንኳ ሲገባ ዓሣ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም፤ ሁዳዴ ላይ ደግሞ ይብሳል። ቆሮሶ ገዝቶ የሚሄደውን «ጾም አይደል እንዴ?» የሚለው አለ፤ «ዓሣ ደም የለውም» ብሎ የሚመልስ አለ፤ ካህናቱም አንድ ቃል አይደሉም። በዚህ ከተማ የዓሣው ክርክር ሳያልቅ የክራሩ ይደርሰዋል ብዬ አልጠብቅም።

ጨዋታና ጸሎት ሳይጣሉ የሚያመሹበት ቦታ ግን አለ፤ ስታዲየማችን። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አይቮሪኮስትን 2 ለ 1 ስታሸንፍ እዚያ ነበርኩ። ጎኔ የተቀመጡ አንድ አዛውንት በእያንዳንዱ ማዕዘን ምት ያማትባሉ። ጭንቅ ሲሆን «ጊዮርጊስ ድረስ!» አሉ። ከኋላችን ያለው ጎረምሳ «አባባ፣ ዛሬ ጊዮርጊስ አይጫወትም» አላቸው። በአገራችን ጊዮርጊስ ማለት ታቦትም ነው፣ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ክለብም ነው፣ ቢራም ነው። አዛውንቱ ዞር ብለው «እኔ የምጠራው የባሕር ዳሩን ነው!» አሉት። ከተማዋ ራሷ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ትባል የነበረች መሆኗን ልጁ ሳይሰማ አልቀረም፤ ዝም አለ። ከጨዋታው በኋላ የተጨፈረውን ጭፈራ ኮሞስ የሚለው ካለ ከእኔ ጋር አይስማማም። ዳዊትም ታቦቱ ፊት ሲዘል የናቀችው የገዛ ሚስቱ ናት፤ ሊቃውንቱ ግን ዛሬም በመቋሚያና በጸናጽል ሲያሸበሽቡ እሱን ያነሳሉ።

ክራሬን ለምን እንደምሰቅል የገባኝ ደብረ ዘይት ሰሞን ነው፤ ያስገባችኝም ያቺው አክስቴ። የጎረቤት ልጅ፣ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጓዳ ገብቶ አፉ የታሰረውን ዕቃ አየና «እማማ፣ ቅቤ ኃጢአት ነው?» አላት።

«ምን ኃጢአት አለው ልጄ! የእግዚአብሔር በረከት ነው።»

«ታዲያ ለምን አሰርሽው?»

«ስለሚጥመን ነዋ!»

ቀና ብዬ ሚስማሩን አየሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ክራሬን ስሰቅል እንደ ጥፋተኛ ነበር የምሰቅለው፤ እንደ ቅቤ መሆኑ አልታየኝም። ቅቤን የምንተወው ክፉ ስለሆነ ቢሆን ኖሮ በፋሲካ ሌሊት ዶሮው ላይ ምን ያደርጋል? የሚጾመው መልካም ነገር ነው። ክፉ ነገርማ አይጾምም፤ ይጣላል። የባጃጁ ሰውዬ የተሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ዘፈኑን አሳረፈ፣ ትኬቱን አኖረ። የእኔም ቲክቶክ ከትኬቱ ወገን ነው። ዘፈን ሁሉ ቅቤ ነው አላልኩም፤ ገና ሲናጥ የበሰበሰ ግጥም ሞልቷል፣ ልጅ ይዘው የማይሰሙት። ያ ፋሲካም አያስፈታውም።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ላስረዳት ሞከርኩ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ክራርና ቅቤ አንድ ነው?» ብላ ሽሮዋን ማማሰል ቀጠለች።

ዛሬ ኒቆዲሞስ ነው፤ ፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ነጠላውን ገልጬ አየሁት፤ አውታሮቹ ላልተዋል፣ አንደኛው ተበጥሷል። ባሕር ዳር ያላችሁና እንደኔ ለራሳችሁ ብቻ የምትመቱ ሰዎች፣ ክራርም ይሁን ማሲንቆ፣ በገና ያለውም ቢመጣ ደስታዬ ነው፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር እንገናኝ። ትርፍ አውታር ያለው ይያዝልኝ። ቡና አክስቴ ታፈላለች። ገና አልነገርኳትም።