አፈሩ ሲረግፍ

ነቀምቴ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። የደረሰብኝን የምጽፈው ገደል ሥር ለሚሠራ ሰው ጥንቃቄ ይሆናል ብዬ ነው።

መስከረም 2010 ዓ.ም. ለተማሪዎቼ ስለ ሜሪ አኒንግ አስተማርኩ። እንግሊዛዊቷ አኒንግ በላይም ሪጂስ የባሕር ዳር ገደሎች ቅሪተ አካል ስትለቅም ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ1823 ፕሌሲዮሶር የተባለ የጥንት የባሕር እንስሳ ሙሉ አጽም አገኘች። የለንደን ጂኦሎጂ ማኅበር ግን ሴት አባል ስለማይቀበል ከደጅ ቀረች። በ1833 ገደሉ ተንዶ ውሻዋን አጠገቧ ገደለባት፤ እሷ ለጥቂት ተረፈች።

ለመስቀል ጎሐ ጽዮን ዘመዶቼ ጋ ሄድኩ። በበዓሉ ማግስት ቅሪተ አካል ፍለጋ ወደ ዓባይ በረሃ ወረድኩ። እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት አገኘሁ። ዛጎል ያለበት ድንጋይ እንደምፈልግ ስነግራቸው አንድ ገደል አሳዩኝ። በሥሩ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የባሕር ዛጎል በኖራ ድንጋይ ውስጥ ተቀብሮ ነበር። አንዱን በመሮ አውጥቼ ቦርሳዬ ከተትኩና ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ደብተሬ ላይ ጥቃቅን አፈር ረገፈ። እፍ ብዬ አራገፍኩትና ቀጠልኩ። ደግሞ ረገፈ፤ ደግሜ አራገፍኩት።

«ልጄ፣ ተነሽ ከዚያ!» አሉ እኚያ እናት።

«አንድ መስመር ነው የቀረኝ፣ እማማ» አልኳቸው።

ሁለተኛ አልተጣሩም። ሸክማቸውን ጥለው መጥተው ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። ደብተሬ እዚያው ቀረ። አሥር እርምጃ ያህል እንደሄድን ገደሉ ተናደ። የተቀመጥኩበት ቦታ በድንጋይ ተሞላ። ፈራሁ፤ እግሬ አልቆም አለኝ።

ውሃ ሰጡኝ። «አፈር ከረገፈ ድንጋይ ይከተላል። ከዝናብ በኋላ እዚህ ከብት እንኳ አናስጠጋም» አሉኝ። የአኒንግን ውሻ ታሪክ ያስተማርኩት እኔ ነበርኩ፤ አፈሩን አይተው ያወቁት ግን እሳቸው ናቸው።

ነቀምቴ ስመለስ ለዛጎሉ መግለጫ ጻፍኩ። መጀመሪያ «በአካባቢው ነዋሪ ጥቆማ የተገኘ» አልኩ። ሰረዝኩትና የእሳቸውን ሙሉ ስም አሰፈርኩ። በሚታተም ጽሑፍ ላይ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ እዚህ አላነሳሁትም፤ ክፍሌ ውስጥ ግን ተማሪ ሁሉ ያነበዋል።

ዝናብ ባደረበት ማግስት ገደል ሥር አትቀመጡ። አፈር ሲረግፍ ካያችሁ መስመሩን ሳትጨርሱ ተነሡ።