ሞዴስ አይዋኝም

እስቲ አንድ ቅዳሜ መዋኛ ገንዳ ስትሄዱ ዳር የተቀመጡትን ሴቶች ልብ በሏቸው። ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ስልክ እየነካኩ፣ ‹‹ነይ ግቢ እንጂ!›› ሲባሉ ‹‹ብርድ ይዞኛል›› የሚሉትን። መቼም በዚያ ፀሐይ ሁሉንም ብርድ አይዛቸውም። ወንዶቹ ‹‹ሴቶች ውሃ ትፈራላችሁ›› ብለው ይደመድማሉ፤ እኛም ‹‹አዎ፣ እንፈራለን›› ብለን እናልፈዋለን። እውነቱን ከመናገር ፈሪ መባሉ ይቀላላ!

የእህቴ ልጅ 13 ዓመቷ ነው። ክረምት ላይ ዋና መማር ጀምራ በሦስተኛው ሳምንት መንሳፈፍ ቻለች። (እኔን ስድስት ወር ነው የፈጀብኝ፤ እንዲሁ ለማስታወስ ያህል።) አብረዋት የሚማሩት ልጆች ቅዳሜ ቢሾፍቱ ሊሄዱ ነው ተብሎ ሳምንቱን ሙሉ ስለዚያ ብቻ ስታወራ ከርማ፣ ሐሙስ ማታ በቴሌግራም አንዲት ቃል ላከችልኝ። ‹‹መጣ።›› ቀጥላ ደግሞ ‹‹እማዬ ቅሪ ብላኛለች።››

ደወልኩላት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ግን እኔ የጠበቅኩት አልነበረም።

‹‹ውሃው ይረክሳል እንዴ?››

ከየት እንዳመጣችው ገብቶኛል። ቤታችን ኦርቶዶክስ ነው። በወር አበባ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፣ ጸበልም አይጠመቁም፤ ከአያቷ የሰማችውን በራሷ ሒሳብ ወደ ገንዳው አሻገረችው። የቤተ ክርስቲያኑን ለቤተ ክርስቲያን እተዋለሁ፣ ከአያቷም ጋር አልጣላም። ገንዳ ውስጥ ያለው ግን ክሎሪን ነው እንጂ ጸበል አይደለም። ክሎሪኑም የሚጨመረው ሰው ላቡን፣ ምራቁን፣ አንዳንዱም (ይቅርታ አድርጉልኝና) ሽንቱን ይዞ ስለሚገባ ነው። ጥቂት ጠብታ ደም ለዚያ ውሃ ብርቁ አይደለም።

‹‹እሺ ሞዴስ አድርጌ ብገባስ?››

ሞዴስ የአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ምርት ስም ነበር፤ እኛ ዘንድ የሁሉም መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ሥራው ፈሳሽ መምጠጥ ነው። ደሙን ከገንዳው ውሃ ለይቶ ግን አያውቅም። ገና ከመግባቷ ያገኘውን ሁሉ ጠጥቶ ያብጣል፣ ማጣበቂያው ይለቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለእናንተ እተወዋለሁ። ‹‹ውሃ ውስጥ እኮ ይቆማል›› የሚሉም አሉ። አይቆምም። የውሃው ግፊት ስለሚይዘው የቀነሰ ይመስላል፤ ስትስቂ፣ ስታስይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከውሃ ስትወጪ ይመጣል።

በሀገራችን ስለ ወር አበባ ሲወራ የሚነሳው ትምህርት ቤት ነው፤ ልክም ነው። ፍሬወይኒ መብራህቱ በ2019 እ.ኤ.አ. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና የተባለችው መቀሌ ላይ ታጥቦ የሚደገም ሞዴስ እያመረተች፣ ልጃገረዶች ከክፍል እንዳይቀሩ ስለታገለች ነው። ዋና ግን ቅንጦት ስለሚመስል ማንም አያነሳውም። እኔ ቅንጦት አይመስለኝም። ወንዙና ሐይቁ ሰው በሚበላበት ሀገር መዋኘት ማወቅ ነፍስ ነው። በየወሩ አምስት ቀን ዳር የምትቀመጥ ልጅ ደግሞ መጨረሻ ላይ ጨርሳ ትተወዋለች።

‹‹ታዲያ እውነተኞቹ ዋናተኞች ምን ያደርጋሉ?›› አለችኝ።

ይሄኛውን ወደድኩት። በ2008 ዓ.ም. የሪዮ ኦሎምፒክ፣ እኛ እዚህ በሮቤል ኪሮስ ጉዳይ ስንጨቃጨቅ፣ ፉ ዩዋንሁዊ የምትባል ቻይናዊት ከዱላ ቅብብሉ በኋላ ሆዷን ይዛ ቁጭ ብላ ታየች። ቡድኗ አራተኛ ወጥቶ ነበር። ጋዜጠኛዋ ስትጠይቃት ትናንት ፔሬዷ እንደመጣና እንደደከማት፣ ግን ይህ ምክንያት እንደማይሆናት በቀጥታ ቴሌቪዥን ላይ ተናገረች። ብዙ ቻይናውያን ከመድከሟ ይልቅ የገረማቸው እንዴት ውሃ ውስጥ እንደገባች ነበር፤ እዚያም እንደ እኛው ታምፖን የሚጠቀመው ጥቂት ሰው ነው።

ታምፖን ማለት ጣት የምታህል የጥጥ ጥቅል ናት፤ ከውስጥ ሆና ትመጣለች፣ ክሯ ውጭ ይቀራል። ኦ.ቢ. የሚባለው የጀርመኖቹ ታምፖን ስሙ ‹‹ኦነ ቢንደ›› ከሚለው የመጣ ነው። በእኛ አማርኛ ‹‹ያለ ሞዴስ›› እንደማለት።

ዓርብ ከሥራ ወጥቼ ሦስት ፋርማሲ ዞርኩ። ሁለቱ የለም አሉኝ። ሦስተኛው ጋ ያለው ልጅ ፓኬቱን እጁ ላይ አድርጎ አየኝና፣ ‹‹ላገባች ነው?›› አለ።

‹‹ለምትዋኝ ነው›› አልኩት።

ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከቶ ሰጠኝ።

ከባዱ እህቴ ናት። ሳታውቅ ለልጇ አልሰጥም፤ ደወልኩ። ‹‹አብደሻል? ክብሯስ?›› አለችኝ። ሳቅ አልመጣብኝም። የእህቴ ፍርሃት ከሜዳ የተነሳ አይደለም፤ ነገ አማት አለ፣ ‹‹ታይታ ትምጣ›› የሚል ቤተሰብ አለ። የማውቀውን ነገርኳት። ያ የድንግልና ሽፋን የሚባለው ስስ ቆዳ የተዘጋ በር አይደለም። ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ የወር አበባውስ በየት ይመጣል? ቅርጹ ከሴት ሴት ይለያያል፣ ይለጠጣል። ታምፖንም ስፖርትም ሊለጥጠው፣ አንዳንዴም ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ግን ማንም ሐኪም አይቶ ‹‹ይቺ ወንድ ታውቃለች፣ ይቺ አታውቅም›› ማለት አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች የተመድ መሥሪያ ቤቶች ጋር ሆኖ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የለውምና ይቅር ብሏል።

ረጅም ዝምታ። ከዚያ፣ ‹‹እሷ ካለች… ግን ቤት ትሞክረው። እዚያ ሆቴል ሽንት ቤት ውስጥ እንዳይሆን።››

ከእኔ ምክር ይሄ ይበልጣል። ዓርብ ማታ እሷ መታጠቢያ ቤት፣ እኔ በር ላይ ወረቀቱን እያነበብኩላት። እጅሽን ታጠቢ። አንድ እግርሽን ከፍ አድርጊ። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አይደለም፣ ወደ ወገብሽ አቅጣጫ ነው። ተረጋጊ፣ ሰውነት ሲፈራ ይጨመደዳል።

‹‹ውስጥ ቢጠፋስ?››

‹‹የት ይሄዳል? መጨረሻው የማህፀን በር ነው፤ በዚያ ታምፖን አያልፍም።››

ትንሽ ቆይታ ‹‹አመመኝ›› አለች። ‹‹በቃ ተይው›› አልኳት። ካልሆነ አይሆንም፤ ነገ ዳር ትቀመጪያለሽ፣ ለጠየቀሽም ‹‹ፔሬድ ላይ ነኝ›› ትያለሽ፤ ብርድ ይዞኛል ብሎ ነገር የለም። እራት በልተን ተኛን።

ጠዋት ሳትቀሰቀስ ተነስታ ብቻዋን ሞክራ ነበር። ደሙ ሲበዛ በቀላሉ ይገባል፤ ማታ ደርቆባት ነው ያመማት። የወሰደችው ከሁሉም ትንሹን መጠን ነው፣ ይህም በምክንያት ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ብዙ በሚመጥጥ ታምፖን ሰበብ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሴቶች በአደገኛ መመረዝ ታመዋል፣ የሞቱም አሉ። ዛሬ ብርቅ በሽታ ነው፤ ቢሆንም ከ8 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ትውከት ወይም ሽፍታ ከመጣ ወዲያው ወጥቶ ሐኪም ቤት ነው። ይህን ሳልነግራት አልሰጠኋትም።

አብሬያት ሄድኩ። ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት ትርፍ ታምፖን፣ ለመንገድ ሞዴስ፣ ጥቁር ቁምጣ ከዋና ልብሱ ላይ የሚደረብ፣ ጠቆር ያለ ፎጣና የሆድ ቁርጠት ማስታገሻ ነበር። ከውሃ ስትወጣ ወዲያው እንድትቀይር ነገርኳት፤ ክሩ ውሃ ይጠጣል። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች በየደቂቃው ወደ ኋላዋ እየዞረች ታይ ነበር። ከዚያ ተወችው። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይታ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ስትወጣ፣ ‹‹ቀይሪ›› ብላት፣ ‹‹ምኑን?›› አለችኝ።

እሁድ ማታ እህቴ ደወለች። ስለ ልጇ ልታወራ መስሎኝ ነበር። 38 ዓመቷ ነው፤ ሐዋሳ ልጅ ሆነን ከወንዶቹ ሁሉ ቀድማ የምትዋኘው እሷ ነበረች። 14 ዓመት ሲሆናት ድንገት ተወችው፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ‹‹ያ ፓኬት›› አለች፣ ‹‹ለትልቅ ሰው የሚሆንም አለው?››