በምግብ ጠረጴዛችን ላይ የተሰለፈው ጦር

አባቶች ለልጆቻቸው ጊዜ ይስጡ የሚለውን ምክር ለእኅቶች ኅብረት ስናገር ዓመታት አልፈዋል። ባለቤቴና የ14 ዓመት ልጃችን ቅዳሜ ከሰዓት አብረው መቀመጥ ሲጀምሩ ግን ያልተደሰትሁት እኔው ነበርሁ።

ነገሩን ያመጣው አንድ ካርቶን ነው። እንግሊዝ አገር የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም የላከው ሲሆን፣ ውስጡ ከፕላስቲክ የተሠሩ የጥንት ፈረሰኞችና ቀስተኞች ነበሩ። ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የአውራ ጣት አንጓ ያህል ነው። የቀረጿቸው ፔሪ የተባሉ መንትያ ወንድማማቾች ናቸው፤ እንግሊዞችና ፈረንሳዮች በ1415 እ.ኤ.አ. አዠንኩር ላይ የተዋጉትን ውጊያ ለመጫወት የሚሆኑ ናቸው። ተገጣጥመው አይመጡም። ራሱ፣ ክንዱ፣ ሰይፉ ለየብቻ ነው፤ ልጄ በጥፍር መቁረጫ ይቆርጣል፣ አባቱ ያጣብቃል፣ ከዚያም ቀለም ይቀባሉ። ለስብከቱ መድረክ ከተገዛው ቀለም የተረፈው የት እንደ ገባ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ልጄን ግን የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጠብ አልሳበውም። እርሱ የፈለገው በ1521 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ሠራዊት በቁጥር የሚበልጠውን የዐፄ ልብነ ድንግልን ሠራዊት ያሸነፈበትን የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ነው። ቦታው ሞጆ አካባቢ ነው፤ ከእኛ ከአቃቂ ብዙ አይርቅም። የራስ ቁሩን በምላጭ ፋቀ፣ ከጥቁር ክር ጎፈሬ ሠራ፣ ከስፌት ሣጥኔ በወሰደው ቁልፍ ክብ ጋሻ አበጀ። ብረት ለባሽ ሆነው የቀሩትን ደግሞ በ1533 ዓ.ም. ከክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ጋር ምጽዋ የወረዱት 400 ያህል ፖርቱጋሎች ናቸው አለ። አባቱ ልብሳቸው ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ መሆኑን ቢነግረው፣ «አባዬ፣ በዚህ መጠን ማን ያየዋል?» ብሎ መለሰ።

ሲጫወቱ የጦሩ እርምጃ በሜትር ይለካል (የእኔው የስፌት ሜትር ነው)፣ ማን እንደሚወድቅ በዳይስ ይለያል። ሙስሊሙ የጎረቤታችን ልጅ የኢማሙን ጦር እንዲመራ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሠራዊት ያለውን ወገን እመርጣለሁ ብሎ ልብነ ድንግልን ሆነ። የፓስተር ልጅ ኢማም አሕመድ ሆኖ አሸነፈው።

ለባለቤቴ ዳይስ የቁማር ዕቃ ነው አልሁት። ወታደሮች ከመስቀሉ ሥር በጌታ ልብስ ላይ ዕጣ መጣጣላቸውን አነሣሁ። ምስል መቅረጽም ያጠያይቃል አልሁ። የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተምሬያለሁና ጥቅስ አላጣሁም። እርሱ በትዕግሥት ሰማኝና፣ ኤች. ጂ. ዌልስ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ በ1913 እ.ኤ.አ. የዚህን ዓይነት ጨዋታ ሕግ በመጽሐፍ እንዳወጣ፣ እርሱም ትንሹን ጦርነት የተጫወተ ሰው የእውነተኛውን ከንቱነት ያያል ብሎ እንደሚያምን ነገረኝ። «በዓመቱስ የዓለም ጦርነት አልተነሣም ወይ?» ብዬ አፉን አስያዝሁት።

አንድ ዓርብ ሁለቱም በሌሉበት ወታደሮቹን በሙሉ በፌስታል ሰብስቤ ከቆሻሻው ጋር በር ላይ አኖርሁ። ልጄ መጥቶ ሲፈልግ «አላየሁም» አልሁት። ባልና ሚስት አይደባበቁ እያልሁ ለተጋቢዎች የማስተምር ሴት ለልጄ ዋሸሁ። የዚያን ቀን ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ዘገዩ። ባለቤቴ ሲገባ ፌስታሉን ይዞ ገባ። አልተቆጣም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና፣ «ምን ሆነሽ ነው?» ብቻ አለኝ።

ጥቅስ አልመጣልኝም። የመጣው ወንድሜ ነው።

ታላቅ ወንድሜ በ1991 ዓ.ም. ወደ ባድመ ዘመተ። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ሰላም ተፈረመ ሲባል እናቴ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያለች ትጠብቀው ጀመር። የመጣው መርዶው ነው። መቃብሩን አናውቅም። በ18 ዓመት ትዳራችን ባለቤቴ ወንድም እንደ ሞተብኝ ያውቃል፤ እንዴት ይስቅ እንደ ነበር ግን ነግሬው አላውቅም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ከጉባኤያችን እናቶች ጋር ሳለቅስ እንኳ የራሴን አላወጣሁም። ልጄ አንዱን ወታደር በጣቱ ጥሎ «ሞተ!» ባለ ቁጥር ግን ወጥ ቤት ሆኜ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ለሁለቱም ነገርኋቸው፤ ልጄንም ይቅርታ ጠየቅሁት። ዝም ብሎ ቆየና፣ «እማዬ፣ አጎቴ ስንት ዓመቱ ነበር?» አለኝ። ሃያ ሁለት። «ፎቶ አለሽ?» ከሻንጣ ሥር አወጣሁለት።

ጨዋታው አልቀረም። የወደቁትን አሁን አንሥቶ በካርቶኑ ክዳን ላይ በተርታ ያስተኛቸዋል፤ እኔ ያዘዝሁት አይደለም። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል። እናቴ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ ከፊቱ ረጅም ሰዓት ቆመች። ከዚያ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ አንዱን ፈረሰኛ አነሣችና፣ አጎቱ በልጅነቱ ከወንዝ ጭቃ ፈረስ እየሠራ ፀሐይ ላይ ያደርቅ እንደ ነበር ለልጄ አጫወተችው። እኔ ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር።