ቁርሷን የነሳኋት አቦሸማኔ

ባዮሎጂ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ይህን በተለይ እናንተ አንብቡልኝ። እርማት አለበት።

ታስታውሱ እንደሆነ፣ የምግብ ሰንሰለትን ስንጀምር ሰሌዳው ላይ የምስለው ሥዕል ሁልጊዜ አንድ ነበር። ከታች ሣር፣ ከሣሩ ወደ ሚዳቋ ቀስት፣ ከሚዳቋዋ ወደ አቦሸማኔ ሌላ ቀስት። ሥዕል ስለማልችል አቦሸማኔዬ ነጠብጣብ ያለበት ውሻ ነበር የሚመስለው። እናንተም ትስቁብኝ ነበር። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ እርስዎ አይተውት ያውቃሉ?" አለችኝ። አላውቅም ነበር። "እሱ ለፈተና አይመጣም" ብዬ አለፍኳት። ክፍሉ ሳቀ፣ እሷም ተቀመጠች።

ያቺ ልጅ አሁን ናይሮቢ ነው የምትኖረው። ባለፈው ሐምሌ ደወለችና "ቲቸር፣ ያኔ ያልመለሱልኝን ጥያቄ ላስመልስዎት ነው፣ ይምጡ" አለችኝ። ጡረታ የወጣ ሰው ምን ሥራ አለው? ሄድኩ።

ከናይሮቢ በጠዋት ተነስተን፣ የስምጥ ሸለቆውን ቁልቁለት ወርደን፣ ናሮክ ላይ ሻይ ጠጥተን ከሰዓት ማሳይ ማራ ገባን። መኪናዋ ጣሪያዋ ወደ ላይ የሚከፈት ላንድክሩዘር ናት፤ ቆመህ አንገትህን አውጥተህ ታያለህ። እኔ፣ ተማሪዬ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጇና አስጎብኚያችን አራት ነን። አስጎብኚው ሹፌርም እሱው ነው፤ እዚያው አካባቢ የተወለደ ማሳይ። ረጋ ያለ፣ ካልጠየቁት ብዙ የማይናገር ሰው ነው።

በነገራችን ላይ አንድ ነገር አስደሰተኝ። "ነገ የምንነሳው በ12 ሰዓት ነው" ሲለኝ ልክ እንደኛ ንጋት 12 ሰዓት ማለቱ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪም ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ነው። የአገር ሰው ያገኘሁ ነው የመሰለኝ።

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት ምን ልበላችሁ! ዝሆኖች ልጆቻቸውን መሃል አድርገው መንገድ ሲያቋርጡ ሞተር አጥፍተን ጠበቅናቸው። ቀጭኔ ከግራር አናት ላይ ምሳዋን ትለቅማለች። የሜዳ አህያና ዊልደቢስት ተደባልቀው ሜዳውን አልብሰውታል። ወሩ ከታንዛኒያው ሴሬንጌቲ ተነስተው የማራን ወንዝ እየተሻገሩ የሚመጡበት ነው። ዊልደቢስትን ላላያችሁ፣ ፊቱ የበሬ፣ ጋማው የፈረስ፣ የጀርባው ቁልቁለት የጅብ ነው። አንበሶችም አየን። አምስት ሆነው ዛፍ ሥር ዘርግተው ተኝተዋል፤ ዝንብ ፊታቸው ላይ ይርመሰመሳል፣ አንዱም ዓይኑን አልገለጠም። የተማሪዬ ልጅ "የሞቱ ናቸው?" ብሎ አሳቀን። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ሊተኛ እንደሚችል ለዓመታት አስተምሬያለሁ። ሲተኛ ሳየው ግን ትንሽ አዘንኩበት መሰለኝ።

ጥፋቱ የመጣው በማግሥቱ ጠዋት ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን ልንገራችሁ። በየመኪናው ሬዲዮ አለ። አንዱ አስጎብኚ አንድ ነገር ሲያይ ለሌሎቹ ይናገራል። ሬዲዮው ውስጥ "ዱማ" የሚል ቃል ሰማሁ። አስጎብኚያችን ዞር ብሎ "አቦሸማኔ ናት፣ ልጆች አሏት" አለን። ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረ። እንደ ሕፃን።

ስንደርስ ብዙ መኪና ቀድሞናል። ልጁ ቆጠረ፣ አሥራ ሰባት። በማራ ሕግ አንድን እንስሳ በአንድ ጊዜ መክበብ የሚችሉት አምስት መኪኖች ብቻ ናቸው፤ ከ25 ሜትር በላይ መጠጋትም፣ ከመንገድ ወጥቶ ሣር ላይ መንዳትም ክልክል ነው። ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል። አሥራ ሰባቱም ያውቁታል።

አስጎብኚያችን ራቅ አድርጎ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። በመነጽር አየኋት። ኩይሳ ላይ ወጥታ ተቀምጣለች። ከዓይኗ እስከ አፏ የሚወርደው ጥቁር መስመር፣ እንባ ያፈሰሰች የሚያስመስላት፣ ልክ መጽሐፉ ላይ እንዳለው ነው። ከኩይሳው ሥር ሦስት ግልገሎች ይላፋሉ፤ ማጅራታቸው ላይ ጭስ የመሰለ ግራጫ ፀጉር አላቸው። ከፊቷ ጥቂት የቶምሰን ሚዳቋዎች ይግጣሉ። እናትየው ከኩይሳው ወረደች። ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ፣ አንድ እግር አንስታ፣ ቆማ፣ ሌላውን አንስታ ሣሩ ውስጥ ገባች። ግልገሎቹ ማንም ሳይነግራቸው ጨዋታቸውን አቁመው ተኙ።

ከቆምንበት ግን የሚታየኝ ጀርባዋና የጭራዋ ጫፍ ነበር። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የማፍርበት ነገር።

"ትንሽ ጠጋ ማለት አይቻልም?" አልኩት። "እዚህ ይሻላል፣ እያደነች ነው" አለኝ። በአእምሮዬ ሒሳብ መሥራት ጀመርኩ። ከጁላይ እስከ ዲሴምበር ለውጭ አገር ጎብኚ የአንድ ቀን መግቢያ ብቻ 200 ዶላር ነው። የከፈለችው ደግሞ ተማሪዬ ናት። ይሄን ሁሉ መንገድ መጥቼ ጭራ አይቼ ልመለስ? "እነዚያ መኪኖች ቀርበው የለም እንዴ?" አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ፣ እግዜር ይይልኝ፣ "ለቲፑ አታስብ" አልኩት። ተማሪዬ በመስኮት ወደ ውጭ ዞረች። እኔን መምከር ከብዷት ነው፤ አሁንም ቲቸሯ ነኝ።

አስጎብኚው በመስታወቱ አየኝ። ሞተሩን አስነሳና ከመንገድ ወጥቶ ወደ ፊት ዞረ።

ጥሩ ፎቶ አነሳሁ። ሁለት። ሦስተኛውን ሳነሳ አንዷ ሚዳቋ ቀና አለች። ያየችው አቦሸማኔዋን ይሁን መኪናችንን አላውቅም፤ ግን የተንቀሳቀስነው እኛ ነን። እግሯን አድርቃ ወደ ላይ መዝለል ጀመረች። ሌሎቹም ተከተሏት፣ ሜዳው በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነ። አቦሸማኔዋ ከሣሩ ውስጥ ተነስታ ቆመች። አልሮጠችም። ወደ እኛም አልዞረችም። እንደ ወፍ ጭው የሚል ድምፅ አውጥታ ልጆቿን ጠራችና ወደ ሌላ አቅጣጫ መሄድ ጀመረች። መኪኖቹ ተከተሏት።

መኪናው ውስጥ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ልጁ "ጋሼ፣ ልጆቿ አሁን ምን ይበላሉ?" አለኝ።

እናቱ "ዝም በል አንተ" አለችው። እኔም "ሌላ ታገኛለች" ብዬ አለፍኩት።

አያችሁ? እናቱን እንዳለፍኳት ልጇንም አለፍኩት። መቼም የእናቱ ልጅ ነው፤ የጠየቀኝ የማያልፉትን ጥያቄ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከድንኳኑ ውጭ ጅብ ይጮሃል። የሚያስቀው፣ መልሱን እኔው አስተምሬዋለሁ። አቦሸማኔ በአብዛኛው በቀን የምታድነው ሌሊቱ የአንበሳና የጅብ ስለሆነ ነው። አቅሟ ፍጥነት ነው እንጂ ጉልበት አይደለም። ጅብ ቢመጣባት የገደለችውን ጥላለት ትሄዳለች። በሰዓት ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚደርሰው ሩጫዋም የሚቆየው ለጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሳትታይ መጠጋት አለባት። ጠዋቱን ከወሰድክባት ያለው የቀኑ ሙቀት ነው፣ ከዚያ ምሽቱ፣ ከዚያ ጅቡ። ይህን ሁሉ በፈተና ጠይቄያችኋለሁ። የተሳሳተውንም ቀይ አስምሬበታለሁ።

በማግሥቱ ንጋት መኪናው ጋ ቀድሜ ሄጄ አስጎብኚውን ይቅርታ ጠየቅኩት። አልተቆጣም። "እንግዳው ሳይደሰት ከሄደ ለቢሮው ይናገራል፣ ቢሮው ደግሞ እኔን ይጠይቃል። እንግዳው ራሱ 'እዚሁ እንቁም' ካለኝ ግን ማን ይጠይቀኛል?" አለኝ። ከዚያ "ዛሬ የት እንሂድ?" ሲለኝ "አንተ ወደምትወደው ቦታ" አልኩት።

ወሰደን። በደኖ የምንላት ዓይነት ዛፍ ብቻዋን የቆመችበት ቦታ፣ መንገዱ ላይ አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። ሬዲዮውንም ቀነሰው። ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ ብዙ ነገር አለ። ጢንዚዛ እበት አድቦልቡላ በኋላ እግሮቿ እየገፋች መንገዱን ታቋርጣለች። ከርከሮ በፊት ጉልበቱ ተንበርክኮ ይግጣል፤ ልጁ "ይጸልያል" አለ። ቶፒ የሚባሉ፣ ጭናቸው ላይ ቀለም የተደፋባቸው የሚመስሉ ትልልቅ የሜዳ እንስሳት ከሩቅ ቆመዋል። አንዱ ኩይሳ ላይ ወጥቶ ዘብ ይጠብቃል።

በድንገት ልጁ "ለምንድን ነው ሁሉም ወደ አንድ ቦታ የሚያዩት?" አለ።

አስጎብኚው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። "እንግዳ ሁሉ አንበሳ ይፈልጋል። እኔ የምፈልገው አንበሳን የሚያየውን ነው" አለ። ቶፒዎቹ ወደሚያዩበት መነጽራችንን አዞርን። ሣር ብቻ ነው። ቆየን። ከሣሩ ውስጥ አንዲት ሴት አንበሳ ቀስ ብላ ተነሳች፣ አዛጋችና በግልጽ ሜዳ መሃል እየተራመደች ሄደች። ቶፒዎቹ አልሸሹም፣ ፊታቸውን ብቻ እያዞሩ አጀቧት። ከታየች በኋላ አደኑ እንዳለቀለት እሷም እነሱም ያውቃሉ። ለካ ለእነዚህ እንስሳት መታየት ማለት ራት ማጣት ማለት ነው። እኛ ደግሞ እንዲታዩን ነው የምንከፍለው።

አንበሳዋ በጣም ሩቅ ነበረች፤ ፎቶው ላይ ቡናማ ነጥብ ናት። ከጉዞው ሁሉ ደጋግሜ የማየው ፎቶ ግን እሱ ነው። አቦሸማኔዋን ዳግም አላየናትም።

አዲስ አበባ ተመልሼ ማንበብ ጀመርኩ። በማራ በተደረገና በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታተመ አንድ ጥናት፣ ቱሪስት በማይበዛበት አካባቢ የሚኖሩ እናት አቦሸማኔዎች ከአንድ ወሊድ በአማካይ 2.3 ግልገሎችን ለአቅም ያደርሳሉ። ቱሪስት በሚበዛበት አካባቢ ያሉትስ? 0.2። ጥናቱ መኪና ግልገል ገጨ አላለም። አንዱ ምክንያት አደኗ መረበሹ ሊሆን ይችላል ነው የሚለው። በዓለም ላይ የቀሩት አቦሸማኔዎች ደግሞ 7,000 ገደማ ናቸው ተብሎ ይገመታል። የአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ተማሪ ማለት ነው።

ይህ የኬንያ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባሌ የሄዳችሁ፣ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚያልፈው መንገድ የሰነቴን አምባ ሰንጥቆ ነው የሚሄደው። እዚያ ቀይ ቀበሮ ታያላችሁ፤ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ፣ ከእኛ አገር ሌላ የትም የሌሉ። ፍልፈል ለመያዝ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሳትንቀሳቀስ ትጠብቃለች። መኪና አቁመን፣ በር አንኳኩተን፣ "ነይ ነይ" ብለን ዳቦ የምንወረውር አለን። እኔም ብሆን ከማራ በፊት ሳልወረውር የምቀር አይመስለኝም።

ስለዚህ የቆየ መምህራችሁ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ማራም ሂዱ፣ አዋሽም፣ ነጭ ሣርም፣ ባሌም፣ ሂዱና እዩ፤ ሳታዩ እንደኔ አታስተምሩ። ግን መኪናው ከመነሳቱ በፊት ለአስጎብኚው በግልጽ ንገሩት፦ "ለእኛ ብለህ አትጠጋ። ምንም ባናይ ቲፕህ አይነካም።" ይህቺን ቃል ከእናንተ አፍ ካልሰማ በቀር በራሱ መቆም ይከብደዋል። ያን ቀን ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም።

እርማቱም ይኸው፦ ሣር፣ ሚዳቋ፣ አቦሸማኔ ብዬ የሳልኩት ሥዕል ጎደሎ ነበር። ከጎኑ ጣሪያዋ የተከፈተ አንዲት መኪና ጨምሩበት። ውስጧም አንድ መነጽር ያደረገ ሽማግሌ።

ለአንቺም፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። "አይተውት ያውቃሉ?" ብለሽኝ ነበር። አዎ፣ አይቼዋለሁ። የልጅሽን ጥያቄ ግን እስካሁን አልመለስኩም።