የግቢው ሣርና ጉንዳኖቹ

አሰላ የተከራየነው ቤት ግቢው ጠባብ ነው፤ ፊት ለፊቱ ግን ሰርዶ ለብሷል። ጧት የጭላሎ ብርድ ለቀቅ ሲያደርገን እዚያ ተቀምጠን እናነባለን። አከራያችን እማማም ቡና የሚያፈሉት እዚያው ነው።

ባለፈው ጥቅምት ሣሩን ጉንዳን ወረሰው። አፈሩን እፍኝ እፍኝ አድርጎ እየከመረ፣ ገና አረፍ ስንል እግራችን ላይ ይወጣል። ለእኛ ነገሩ የመነከስ ጉዳይ ብቻ ነበር። ለእማማ ግን ሌላ ነው። በአባታቸው ይዞታ ተጣልተው ዓመት ሙሉ ያልተነጋገሩ ሁለት ልጆች አሏቸው። ሊያስታርቋቸው ሽማግሎች ከሁለት ሳምንት በኋላ ለእሑድ ተቀጥረዋል፤ የሚቀመጡትም እዚያ ሣር ላይ ነው። «ምን ይሻለኛል ልጆቼ?» አሉን።

እኛ የተማርን አይደለንም እንዴ! «ግዴለም እማማ፣ ለእኛ ይተዉት» አልን።

ማታውን ክርክር ገጠምን። አንዳችን መጽሐፈ ምሳሌ ሰነፍን ወደ ገብረ ጉንዳን ሂድ እያለ እንደሚመክር አነሣ። ሌላችን ደግሞ የቁርአን 27ኛ ምዕራፍ በጉንዳን ስም «ነምል» መባሉን፣ የሱለይማን ሠራዊት ሲመጣ አንዲት ጉንዳን ወገኖቿን ሳያውቁ እንዳይረግጡን ቤት እንግባ ማለቷን ተረከልን። እዚያም ሰሎሞን፣ እዚህም ሰሎሞን! በዚህ ተደስተን አመሸን። ሲነጋ ግን አንድ ጠርሙስ ላምባ ገዝተን በየጉድጓዱ አፈሰስን።

በሦስተኛው ቀን ሣሩ በየቦታው ቢጫ ሆነ። ጉንዳኖቹስ? አንድ ክንድ ፈቀቅ ብለው አዲስ ጉድጓድ ከፍተዋል። ላይ የሚታዩት ሠራተኞቹ ናቸው፤ ንግሥቲቱ ከታች ናት። የጎዳነው ሣሩን ነው።

እማማ አልተቆጡንም። ወደ ጽጌረዳው ወሰዱንና «ወዴት እንደሚሄድ መጀመሪያ አይታይም?» አሉ። የጉንዳኑ ሰልፍ ግንዱን ሽቅብ ይወጣል። ቅጠሉ ሥር ክሽክሽ ተለጥፏል፤ ጉንዳኑ ከክሽክሹ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ይልሳል፣ በምላሹም ከጠላት ይጠብቀዋል። እማማ ቅጠሉን በሳሙና ውሃ አጠቡ፣ ግንዱ ዙሪያ አመድ ነሰነሱ። በሳምንቱ ሰልፉ ሳሳ። ጨርሶ አልጠፋም፤ ለመቀመጥ ግን በቃ።

ይህን ስናወራ ታሪክ የሚያጠናው ጓደኛችን ካዱን አነሣብን። የጭላሎው የእርሻ ልማት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ ሲጀመር የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር፤ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር። ስንዴው ትርፍ እንደሚያመጣ ያየ ባለመሬት ግን ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አስነሣ። ዘሩ መልካም ነበር፤ ሥሩ ያለው መሬቱ የማን ነው በሚለው ላይ ነው። ያ ጥያቄ በአዋጅ የተነካው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። በአንድ ጠርሙስ ላምባ ይህን ያህል መመራመር ይበዛ ይሆናል፤ ቢሆንም ሁላችንም ዝም አልን። ከመካከላችን ነገ ገጠር የማይመደብ፣ «ለእኛ ይተዉት» የማይል ማን አለ?

እሑድ ሽማግሎቹ መጡ። ታላቅየው ሊመርቁ ሲሉ እንደ ደንቡ ሣር ለመንጨት እጃቸውን ሰደዱ። የተቀመጡት እኛ ባቃጠልነው ላይ ነበር፤ እጃቸው ላይ ደረቅ ገለባ ቀረ። አንገታችንን ደፋን። ያን ጊዜ ታናሹ ልጅ ተነሥቶ ከአጥሩ ሥር ለምለም ነጨና አመጣ። ግማሹን ለሽማግሌው ሰጠ፤ ግማሹን ይዞ ጥቂት ቆመና ለወንድሙ ዘረጋለት። ወንድሙ ተቀበለው።

መሬቱ ገና ይለካል፤ ነገሩ አላለቀም። ሣሩም በልግ ሲዘንብ ይመለሳል ይላሉ እማማ። እኛ እስከዚያው ማታ ማታ ውሃ እናጠጣለን።