ማን ቤት አደረች?

አክስቴ የምትኖረው ጋዝጊብላ ውስጥ፣ ከአስከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ነው። ዘንድሮ ጥር ላይ ልጠይቃት ሄጄ፣ ማታ እሳት ዳር የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን፣ በመጽሐፍ ስላወቅኳት አንዲት ሴት አጫወትኳት።

ሴትዮዋ ሩሒያ ኻኑም ትባላለች። ኒው ዮርክ ተወልዳ፣ ካናዳ አድጋ፣ ሐይፋ ላይ የባሃኢ እምነት መሪ የነበሩትን ሾጊ ኤፌንዲን አገባች። እ.ኤ.አ. በ1957 ባሏ ሞተ፤ ልጅ አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1969፣ በ59 ዓመቷ፣ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ላንድሮቨር ይዛ ከካምፓላ ተነሣች። እስከ 1973 ድረስ 34 የአፍሪካ አገሮችን አዳረሰች። ወደ 58 ሺሕ ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። አዲስ አበባም መጥታ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝታለች።

ንጉሡን ስጠራ አክስቴ ትደነቃለች ብዬ ነበር። እሷ እቴ! እሳቱን እየቆሰቆሰች፣

«ማን ቤት አደረች?» አለችኝ።

«መቼ?»

«አራት ዓመት መንገድ ላይ ነበረች አላልክም? ማን አሳደራት?»

ሴትዮዋ ከመሪዎች ጋር ብትነጋገርም የሄደችው ይበልጡን ለገጠሩ ሰው እንደነበር፣ በየመንደሩም የእምነቱ ተከታዮች ይቀበሏት እንደነበር ነገርኳት።

«ተባረኩ» አለች።

ምርቃቱ ለእምነቱ እንዳይመስላችሁ። አክስቴ በማርያምና በጾሟ ቀልድ አታውቅም። የመረቀችው ተቀባዮቹን ነው። በእኛ አገር የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ሲል፣ መልሱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ» ነው። እግሩ ይታጠባል፣ ጠላ ይቀዳለታል። «ከየት ነህ? የማን ወገን ነህ?» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ግን ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሌላ ደጅ ትዝ አለኝ።

አዲስ አበባ ሰባት ዓመት በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤት ነበሩኝ። ባሃኢ ናቸው። በየዓመቱ 19 ቀን ይጾሙና መጋቢት ላይ ኖውሩዝ ለሚሉት በዓላቸው «ብቅ በልና ቡና እንጠጣ» ይሉኛል። እኔም በየዓመቱ ሰበብ አላጣም። አንዴ ሥራ፣ አንዴ ራስ ምታት። እውነቱን ልናገር? ይሰብኩኛል ብዬ ፈርቼ ነው።

እሳቸው ግን ፋሲካ በመጣ ቁጥር ቤቴ ገብተው ዶሮዬን በልተዋል። እናቴ የሞተች ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን ውስጥ አብረውኝ ተቀምጠዋል። ስለ እምነታቸው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። በኋላ ቤት ቀየሩ። ሰባት ዓመት ሙሉ ደጃቸውን አልረገጥኩም።

ይህ እምነት ቀሳውስት የሉትም። ከአገር አገር የሚያደርሱት እንደኔ ጎረቤት ያሉ ሰዎች ናቸው። ወደኛም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ይዘውት ከመጡት ቀደምቶች አንዱ ግብፃዊው ሳብሪ ኤልያስ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የጣሊያን ወረራ መጣ።

እምነት ከእምነት ላነጻጽር አይደለም፤ አክስቴም ብትሰማ አትምረኝም። ግን አባ ሰላማ የምንላቸው ፍሬምናጦስስ ማን ነበሩ? ከጢሮስ የመጡ እንግዳ። ጢሮስና ሐይፋ ደግሞ የአንድ ባሕር ዳርቻ ከተሞች ናቸው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ ያን ባዕድ ልጅ ተቀብሎ ያሳደገ ቤት ባይኖር ኖሮ፣ ዛሬ አክስቴ የምትሳለመው ደጀ ሰላም ታሪኩ ምን ይሆን ነበር?

እንግዳን ማሳደር እምነቱን መቀበል አይደለም። አክስቴ ይህን ፊደል ሳትቆጥር ታውቀዋለች። እኔ ተምሬ ነው የረሳሁት።

ጠዋት የመምህሩን ነገር ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «የሩቋን ሴት መንገድ ከምትቆጥር የሳቸውን ደጅ ብትረግጥ ምን አለበት?» አለችኝ።

ስልካቸው አሁንም አለኝ። ኖውሩዝ ዘንድሮ መጋቢት ላይ ነው፤ ሁለት ወር ይቀረዋል። ካልጠሩኝም ግድ የለም፣ ራሴን እጠራለሁ። ደጃቸው ቆሜ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» እላለሁ። መቼም ራስ ምታት አለብኝ አይሉኝም።